ስንቅ የምንቋጥረው ለማን ነው?

የምንባብ ክፍል፦ ማቴዎስ 25፥1-13፤ ዮሐንስ 6፥1-13



ባለፈው የቤት ጸሎት ላይ አንዲት እህት ጥያቄ አነሳች። ጎረቤቷ ራሽኑን በሁለት ሳምንት ጨርሶ ዘይትና ዱቄት ሊበደር መጣ። እሷ ደግሞ በጣሳ እየሰፈረች፣ ቀን እየቆጠረች ነው ልጆቿን የምታሳድረው። “ወንጌላዊ፣ አምስቱ ልባሞች ቆነጃጅት ዘይታቸውን አልሰጡም አይደል? ጌታም አልነቀፋቸውም። ታዲያ እኔ ብከለክል ምኑ ላይ ነው ኃጢአቴ?” አለችኝ። አንዳንዶች ሳቁ። እኔ ግን መልስ አጣሁ። ጥያቄዋ ከብዙ ዓመት በፊት በእግሬ ወደ ሄድኩት መንገድ ነው የመለሰኝ። እስቲ ልንገራችሁ።

በቦረና በኩል ወደ ኬንያ ድንበር ስንመጣ ስድስት ነበርን። እኔ ለመሰናዳት ሦስት ሳምንት አግኝቻለሁ። እናቴ ገብስ ቆልታ፣ ሸክሽካ፣ አስፈጭታ አራት ኪሎ ያህል በሶ አዘጋጀችልኝ። ለመንገድ እንደ በሶ ያለ የለም። ቶሎ አይበላሽም፣ እሳት አይፈልግም፣ በጥቂት ውሃ ጨብጠህ ትበላዋለህ። ዳቦ ቆሎም ነበረኝ፤ መንገዱን የሚያውቁ አንድ አባት ግን “ደረቅ ነገር አታብዛ ልጄ፣ ውሃህን ይጨርስብሃል” ብለው ግማሹን አስቀሩኝ። አዲስ ጫማ ገዝቼ ነበር። እሱንም “እግርህ የለመደውን አድርግ” ብለው አስተዉኝ።

ውሃ ደግሞ ከባድ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ሁለት ከያዝክ 10 ኪሎ ተሸከምክ ማለት ነው። ግን በሶው ሲበላ፣ ውሃው ሲጠጣ ሸክምህ ይቀላል። ልብስና ዕቃ እስከ መጨረሻው ያው ነው። ስለዚህ ልብስ ቀንሼ ውሃ ጨመርኩ። ከባዱን ወደ ጀርባዬ አስጠግቼ፣ ቀላሉን ወደ ውጭ አደረግኩ። ወረቀቶቼን በፌስታል ጠቅልዬ ከመጽሐፍ ቅዱሴ ጋር አሰርኳቸው። በመጨረሻ ከቦርሳው ሥር፣ ከልብሱ በታች፣ ማንም የማያውቃትን አንዲት ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ቀበርኩ። “ምናልባት” ብዬ።

ከመጨረሻው መንደር ስንወጣ አንድ ልጅ ተቀላቀለን። ቢበዛ 18 ዓመት ቢሆነው ነው። የያዘው አንድ ፌስታል ብቻ። ውስጡ አንድ ሸሚዝና ግማሽ ዳቦ። ውሃ የለውም። እኔ በልቤ “ሰው ለዚህ መንገድ እንዲህ ሆኖ ይወጣል? ሰነፍ!” አልኩ። እንደ ሰነፎቹ ቆነጃጅት ቆጠርኩት።

የመጀመሪያውን ቀን ሁላችንም አጠጣነው። በሁለተኛው ቀን ማታ የሁላችንም ጀሪካን ባዶ ሆነ። ሌሊት ሁሉም ሲተኛ ጋቢዬ ውስጥ ገብቼ ያቺን ሃይላንድ አውጥቼ ጠጣሁ። ፕላስቲክ መቼም ሲጨብጡት ይጮኻል። ልጁ አጠገቤ ነበር የተኛው። እንዳልተኛ አወቅኩ። እሱም ምንም አላለኝም።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ አንድ ኤላ ዘንድ ደረስን። የቦረና ኤላ ጥልቅ ጉድጓድ ነው። ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው ቆመው ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ያወጡታል። ማንም ብቻውን አይቀዳውም። ከብት ሊያጠጡ የመጡት ሰዎች አዘኑልንና ውሃ ሰጡን። ጣሳው መጀመሪያ የደረሰው ለልጁ ነበር። አልጠጣም። ወደ እኔ ዘረጋውና “ጠጣ ወንድሜ፣ ማታ ጠምቶህ ነበር” አለኝ።

ያን ውሃ እንዴት እንደዋጥኩት ጌታ ያውቃል።

በኋላ ስንጨዋወት ታሪኩን ሰማሁ። ከቤቱ የወጣው በሌሊት ሮጦ ነው። ያቺን ግማሽ ዳቦም መንገድ ላይ አንዲት እናት ናቸው የሰጡት። ለመሰናዳት አንድ ሰዓት እንኳ አልነበረውም። እኔ ሰነፍ ያልኩት ሰው ሰነፍ አልነበረም። ዘጸአት 12 ላይ የእስራኤል ልጆች ከግብፅ ሲወጡ ሊጡ ሳይቦካ በትከሻቸው ተሸክመው እንደ ወጡ፣ ስንቅም እንዳላዘጋጁ ተጽፏል። ጊዜ ስላልተሰጣቸው ነው። እግዚአብሔርም “ለምን ሳትሰንቁ ወጣችሁ?” ብሎ ምድረ በዳ ላይ አልተዋቸውም።

እንግዲህ ወደ ቆነጃጅቱ እንመለስ። አሥሩም ጊዜ ነበራቸው። አሥሩም መብራት ይዘዋል። አምስቱ ቸል አሉ። ደግሞ ያ ዘይት ቢካፈል የሁሉም መብራት መንገድ ላይ ይጠፋ ነበር። እኔ እንደሚገባኝ ጌታ እዚያ ጋ የሚናገረው ስለ ትጋት ነው። እኔ ለአንተ ንስሐ ልገባልህ አልችልም። አንተም ለእኔ ልታምንልኝ አትችልም። ይሄ የማይካፈል ነገር ነው። ውሃና እንጀራ ግን ይካፈላል። በማይካፈለው ነገር የተነገረውን ቃል ወስደን የሚካፈለውን መከልከያ ብናደርገው ቃሉን አጣመምነው።

“እሺ ወንጌላዊ፣ ሁሉንም ሰጥተን እኛስ?” ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ራሽን እየቀነሰ ባለበት በዚህ ጊዜ የልጆቿን እራት አንስታ የምትሰጥ እናት ልጆቿን ታስርባለች። አባቶቻችን “ከራስ በላይ ነፋስ” ብለዋል። እነዚያው አባቶች ደግሞ “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ብለዋል። ሐዋርያው ጳውሎስም በገላትያ 6 አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም ይነግረንና ትንሽ ወረድ ብሎ እያንዳንዱ የራሱን ይሸከማል ይላል። ሁለቱም እውነት ነው። ታዲያ መቼ የቱን ልያዝ?

እኔ ከዚያ መንገድ የተማርኩት ይህን ነው። በጥም ሰዓት ልብ አይሰናዳም። የጠማው ሰው ሲያስብ ጥሙ ነው የሚያስብለት። ስለዚህ የሌላውን ድርሻ መወሰን ያለብን ቤት ሆነን፣ ስንቁን ስንቋጥር ነው። ዘሌዋውያን 19ን አንብቡ። እግዚአብሔር ገበሬውን የእርሻህን ዳር አትጨደው፣ ለድሀና ለመጻተኛ ተወው ይለዋል። ድሀው መጥቶ ሲለምን ያን ጊዜ አስብበት አላለውም። ድርሻው ቀድሞ ተለይቷል። ሁሉንም ስጥ አላለውም፣ ሁሉንም ያዝም አላለውም።

እኔ ኃጢአት የሠራሁት ጋቢ ውስጥ ሆኜ ውሃ ስጠጣ ብቻ አይደለም። ቀድሞ ቤት ውስጥ ቦርሳዬን ሳስር ነው። ያቺን ሃይላንድ ስቀብር የሚጠማው እኔ ብቻ እንደሆንኩ ወስኜ ነበር። ስድስት ሆነን እንደምንሄድ እያወቅኩ ለአንድ ሰው ነው ያሰብኩት።

ዮሐንስ 6 ላይ ያለውን ልጅ ደግሞ ተመልከቱ። አምስት የገብስ እንጀራና ሁለት ዓሣ ይዟል። ገብስ ያኔም የድሀ ምግብ ነበር። ማን እንደሰነቀለት አልተጻፈም። ግን ባይሰንቅ ኖሮ ያ ምግብ ከየት ይመጣ ነበር? ስለዚህ መሰነቅ የእምነት ማነስ አይደለም። ጌታ ያባረከተው የተሰነቀውን ነው። ሰው ሁሉ ከጠገበ በኋላም ምንም እንዳይጠፋ የተረፈውን አስለቀመ። መስጠትም መቆጠብም በአንድ ቀን፣ በአንድ ጌታ እጅ ሆነ።

ለዚያች እህት ዘግይቼ እንዲህ አልኳት። ራሽን በተቀበልሽ ቀን፣ ገና ጆንያው ሙሉ ሳለ፣ አንድ ጣሳ ለይተሽ ለብቻ አስቀምጪ። እሱ ያንቺ አይደለም። ሰው ሲመጣ ከእሱ ስጪ። ሲያልቅ “አለቀ” በይ፣ ሕሊናሽም አይክሰስሽ። ጎረቤትሽን ደግሞ ለምን እንዳለቀበት ጠይቂው። ቸልተኛ ከሆነ መስፈር አስተምሪው። የታመመ ልጅ ወይም የመጣበት እንግዳ ካለ ግን ሌላ ነው። ሳትጠይቂ ሰነፍ አትበይው። እሷም “ጣሳስ አለኝ፣ የቸገረኝ ቀድሞ መለየቱ ነው” አለች። የሁላችንም ችግር ይሄው ነው።

ይህን የጻፍኩት ማንንም ለመንገድ ለማነሳሳት አይደለም። ወንድሞቼ፣ የደላላ ወሬ ሰምታችሁ በረሃ አትግቡ። ግን ሁላችንም ከዚህ ካኩማ አንድ ቀን እንነሳለን፤ አንዱ ወደ ሌላ አገር፣ አንዱ ወደ ቤቱ፣ አንዱም ወደ ጌታ። ቦርሳችንን ስናስር ከሥር የቀበርነው ምን እንደሆነ ዛሬ እንፈትሽ።

ጌታ ሆይ፣ ጥም ሳይመጣብን ልባችንን አሰናዳ። ከያዝነው ላይ የወንድማችንን ድርሻ ለይተን እንድናስር እርዳን። የደበቅነውን ይቅር በለን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።