ይዞ መልቀቅ ምሕረት ነውን?

«የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል» እያሉ አባቶቻችን ትዕግሥትን አመስግነዋል፤ ምሕረትንም ከኀይል ሁሉ የሚበልጥ ኀይል አድርገው ቈጥረውታል። እነዚህ ሁለት በጎ ጠባዮች በአንድ ሰው ላይ ተገናኝተው ቢገኙ ያ ሰው ምስጉን መሆኑን የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን አንድ ሥራ የትዕግሥትንና የምሕረትን መልክ ይዞ ሲታየን፥ በእርግጥ ትዕግሥትና ምሕረት ነው ብለን ከመፍረዳችን አስቀድሞ ሥራው ከምን ተነሥቶ ወደ ምን እንደሚደርስ መመርመር ይገባናል። ለዚህ ምርመራ ምሳሌ የሚሆነን በእንግሊዝ አገር በጸጥተኛ ሐይቅ ዳር የሚደረገው፥ ካርፕ የተባለውን ዓሣ የማጥመድ ልማድ ነው።

ካርፕ በአፉ ዙሪያ አራት ጢም ያለው፥ ጥርሱ በአፉ ሳይሆን በጉሮሮው ውስጥ የሆነ፥ ዕድሜውም ብዙ ዐሥር ዓመታት ሊደርስ የሚችል ዓሣ ነው። በሰው እጅ ወደ ብዙ አገሮች ተሠራጭቷል፤ ወደ አገራችንም ገብቶ ዛሬ በቆቃና በዝዋይ ሐይቅ ይገኛል። በቼክና በፖላንድ ሕዝቡ ለልደት በዓል ዋዜማ ማዕድ ያቀርበዋል። በእንግሊዝ አገር ያሉ አጥማጆች ግን ዛሬ የሚሹት ሥጋውን አይደለም፤ ግዝፈቱንና ብልኅነቱን ነው እንጂ። ለአጥማጁ ክብሩ ትልቁን ካርፕ መያዝ፥ መመዘን፥ ፎቶግራፍ ማንሣትና ወደ ውሃው መመለስ ነው።

ለዚህም ሲል አጥማጁ ድንኳኑን፥ ተጣጣፊ አልጋውንና ምድጃውን ይዞ በሐይቁ ዳር ሦስት ወይም አራት ቀን ይሰፍራል። ከዱቄትና ከእንቁላል ተለውሶ የተቀቀለ እንክብል በውሃው ላይ ይበትናል፤ ዘንጎቹን በመደዳ ይተክላል፤ በእያንዳንዱም ዘንግ ላይ ክሩ ሲሳብ የሚጮኽ የኤሌክትሪክ ደወል ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ሥራው መጠበቅ ብቻ ነው። ዝናም ይመጣል፥ ይሄዳል፤ ጉም በውሃው ላይ ይተኛል፥ ይነሣል። እርሱ ግን ከውሃው የሚወጣውን አረፋ እየተመለከተ፥ ነፋሱ ከወዴት እንደሚነፍስ እየለየ፥ ቀኑንና ሌሊቱን ያሳልፋል። ብዙ ጊዜም ሦስቱን ቀን ሙሉ አንድ ነገር ሳይዝ ድንኳኑን ነቅሎ ይመለሳል።

የአያያዙ ጥበብ ደግሞ የሚያስደንቅ ነው። ካርፕ ምግብ ሲያገኝ በአፉ ወደ ውስጥ ይስበውና ይመረምረዋል፤ ያልጣመውን መልሶ ይተፋዋል። አጥማጆችም ይህን ጠባዩን አጥንተው፥ ከ1980 ገደማ ጀምሮ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) እንክብሉን በመንጠቆው ላይ መሰካት ትተው ከመንጠቆው በታች በቀጭን ክር ማንጠልጠል ለመዱ። ዓሣው እንክብሉን ስቦ ተጠራጥሮ ሊተፋው ሲል፥ ዕራቁቱን የቀረው መንጠቆ በከንፈሩ ላይ ይተከላል። እንግዲህ ካርፕ የሚያዘው በሆዳምነቱ ብቻ አይደለም፤ ራሱን ሊጠብቅበት በተሰጠው ጥንቃቄም ጭምር ነው።

ከተያዘ በኋላ ያለው አያያዝ ግን እንደ ሕፃን አያያዝ ነው። በእርጥብ ፍራሽ ላይ ይተኛል፤ እጅ ሳይረጥብ አይነካውም፤ መንጠቆው የወጋው ሥፍራ መድኃኒት ይደረግበታል፤ ከተመዘነም በኋላ እስኪበረታ ድረስ በውሃ ውስጥ ተደግፎ ይለቀቃል። ይህም ልማድ ቀስ በቀስ የመጣ ነው። በ1952 ሪቻርድ ዎከር የተባለው ስመ ጥር አጥማጅ ሬድማየር በተባለው ኩሬ ክብደቱ 44 ፓውንድ፥ ማለት 20 ኪሎ የሆነ ካርፕ በያዘ ጊዜ፥ ዓሣው አልተገደለም፤ ወደ ኩሬውም አልተመለሰም። ወደ ለንደን የአራዊት ማሳያ ተወስዶ፥ ክላሪሳ የሚል ስም ወጥቶለት፥ እስከ 1971 ድረስ በመስተዋት ውስጥ ለሕዝብ ሲታይ ኖረ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። አጥማጁ «እኔ አልገድልም፤ በመዳፌ የገባውን ሕይወት በነጻ እለቃለሁ፤ ይህ ምሕረት ካልሆነ ምሕረት ምንድር ነው?» ቢል ምን እንመልስለታለን? ነገሩ በችኰላ የሚጣል አይደለም። ከሚገድል የሚለቅ እንደሚሻል ግልጥ ነው። ደግሞም ሐይቅን የሚወድ ሰው ሐይቁ እንዳይበከል ይከራከራል፤ በዝምታ ውስጥ ሦስት ቀን የተቀመጠም ሰው በከተማ ጫጫታ ውስጥ የማይገኝ ማስተዋል ሊያገኝ ይችላል።

የሆነ ሆኖ በዚህ ነገር ላይ የአገሮች ሕግ እንኳ አልተስማማም። በእንግሊዝ አገር ካርፕን መልቀቅ የጨዋነት ምልክት ሲሆን፥ በስዊስ አገር ግን ለመልቀቅ አስቦ ማጥመድ በሕግ የተከለከለ ነው። የስዊስ ሕግ መሠረቱ ይህ ይመስላል፤ ለምግብ የሚያጠምድ ሰው እንስሳውን ለማሠቃየቱ ምክንያት አለው፤ ሊለቀው አስቦ የሚያጠምድ ግን አስቀድሞ ምክንያቱን በገዛ እጁ አፍርሶታል። በአንዱ አገር መልቀቁ በደልን ሲያቀል፥ በሌላው አገር መልቀቁን ማሰብ በደልን ይገልጣል።

በዝዋይ ሐይቅ መረቡን የሚጥለው ሰው ዓሣውን ይገድላል። ነገር ግን የሚገድለው ሊበላ ወይም ሸጦ ልጆቹን ሊያበላ ስለ ሆነ፥ በእርሱና በዓሣው መካከል የቆመው ችግር ነው። ምሕረት አደረግሁ ብሎ አይመካም፤ ያደረገውንም በስሙ ይጠራዋል። በጸጥተኛው ሐይቅ ዳር ያለው አጥማጅ ግን በእርሱና በዓሣው መካከል ያቆመው ፈቃዱን ብቻ ነው። ያዳነው ዓሣ ከማን አዳነው? ከራሱ አይደለምን?

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለው ተረታችን ለዓሣም ይሠራል። በኔዘርላንድ ተደርጎ በ1970 የታተመ አንድ ምርመራ፥ አንድ ጊዜ ብቻ በመንጠቆ የተያዘ ካርፕ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ከመንጠቆ እንደሚርቅ አሳይቷል። ሆኖም አጥማጁ ብልሃቱን ባሻሻለ ቍጥር ያው ዓሣ ደጋግሞ ይያዛል። ቤንሰን የተባለው የእንግሊዝ አገር ታዋቂ ካርፕ በ2009 እስኪሞት ድረስ ከ60 ጊዜ በላይ ተይዞ ተለቋል። ምሕረት ከሆነ አንድ ፍጥረት ከ60 ጊዜ በላይ ምሕረት ተደርጎለታል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ምሕረት የበዛለት ፍጥረት ግን ምሕረቱ ባይደርሰው በመረጠ ነበር።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ሁሉ ያነሣሁት ስለ ዓሣ ብቻ ለመከራከር አይደለም። እኛ በየመሥሪያ ቤቱ የምንቀመጥ ሰዎች በዚህ ምሳሌ ውስጥ ራሳችንን ማየት አለብን። አንድ ሹም ባለጉዳዩን ያለ ምክንያት ሦስት ቀን ደጅ አስጠንቶ፥ በአራተኛው ቀን በሕግ የሚገባውን ፊርማ ፈገግ ብሎ ቢሰጠው፥ ባለጉዳዩ እጅ ነሥቶ አመስግኖ ይወጣል። ሹሙም በቤቱ ሲያርፍ «ዛሬ አንድ ድኻ ረዳሁ» ብሎ በሰላም ይተኛል። ነገር ግን ያ ድኻ የተጨነቀው በማን ነበር? ምስጋናውስ የምን ምስጋና ነው? መንጠቆውን የተከለው እጅ መንጠቆውን ስለ ነቀለ ሊመሰገን አይገባውም። እንዲያውም ባለጉዳዩ የተያዘው በጥንቃቄው ነው፤ ሕግን ስለሚያከብር፥ ያለ ፊርማ ስለማይሠራ፥ በበራችን ላይ ቆሞ ተገኘ።

እንግዲህ ፍርዱ እንዲህ ይመስለኛል። ምሕረት የሚባለው፥ እኛ ያላመጣንበትን መከራ ከሌላው ላይ ስናነሣ፥ ወይም ልንቀጣው በእርግጥ የሚገባንን ስንተወው ነው። እኛው ያመጣነውን መከራ ማንሣት ግን ስሙ ካሣ ነው። ካሣም መልካም ነገር ነው፤ ከማይክስ የሚክስ ይሻላል። ነገር ግን ካሣ የሚከፍል ሰው ዐንገቱን ዝቅ አድርጎ ይከፍላል እንጂ እንደ ቸር ሰው ደረቱን አይነፋም። ትዕግሥትም እንደዚሁ ነው። ነብርም በጫካ ውስጥ አድፍጦ ይታገሣል፤ ትዕግሥትን በጎ የሚያደርገው የሚጠበቀው ነገር በጎነት ነው።

በሐይቁ ዳር ያለውም አጥማጅ ራሱን የሚመዝንበት ሚዛን ሩቅ አይደለም። ዘንጎቹን በቤቱ ትቶ ሦስት ቀን በዚያው ድንኳን ቢቀመጥ፥ ጉሙን፥ አረፋውንና የዓሣውን ዝላይ ተመልክቶ ደስ ብሎት ቢመለስ፥ ፍቅሩ በእርግጥ የሐይቁ ፍቅር ነበር። መንጠቆ ከሌለ ሐይቁ ባዶ ከመሰለው ግን የወደደው በእጁ ውስጥ የሚንፈራገጠውን ሕይወት ነው። እኛም ብንሆን፥ ማንም በደጃችን ቆሞ በማይለምነን ቀን ሥልጣናችን ባዶ መስሎ ከታየን፥ ወንበራችንን የወደድነው ለምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ይገባናል።