ሞክሼና ወንጀለኛ

በሲኒማ ቤት ከሚያስቁን ነገሮች አንዱ ሰው በሰው ሲሳሳት ማየት ነው። ሌባው በጓሮ ያመልጣል፤ ምስኪኑ ጸሐፊ የሌባውን የመሰለ ኮፍያ ስላደረገ ይያዛል። ፖሊሱ ይፎክራል፥ ዳኛው ይቆጣል፥ እኛም እንስቃለን። የምንስቀው ግን ሌባው ማን እንደ ሆነ አስቀድመን ስላየን ነው። ይህን ባናይ ኖሮ ከፖሊሱ ጋራ ሆነን «ያዘው!» ባልን ነበር። ታዲያ በእውነተኛው ኑሮ የተመልካቹን ወንበር ማን አግኝቶ ይቀመጥበታል?

ነገሩን ወደ ላስታ እናምጣው። ታኅሣሥ 29 ቀን የጌታ ልደትና የንጉሡ የላሊበላ ልደት በአንድነት ሲከበር፥ በቤተ ማርያም ዙሪያ ካለው ዐለት አፋፍ ጀምሮ የሚቆመው ሕዝብ ነጭ የለበሰ ነው። በዚያ መካከል ገንዘቡ የጠፋበት ሰው «ነጭ ጋቢ የለበሰው ነው» ብሎ ቢጮኽ ምን ምልክት ሰጠ ይባላል? ስም መጥራቱም ብዙ አያዋጣውም። የንጉሡ ስመ መንግሥት ገብረ መስቀል ነው፤ በዚህ ስም የሚጠራ ስንት ገበሬ፥ ስንት ዲያቆን ይገኛል! ሕዝባችን በራሱና በአባቱ ስም እንጂ በቤተ ሰብ ስም ስለማይጠራ ሞክሼው ብዙ ነው። የአያት ስም የሚጠይቀን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እንዲያው ሊያደክመን ፈልጎ አይደለም።

የቀድሞ ሰዎች ይህን ጭንቀት በሌባሻ ሊገላገሉት ሞክረው ነበር። አንድ ልጅ መድኀኒት አጠጥተው፥ ወገቡን በመቀነት አስረው ይከተሉታል፤ ልጁ እየተንገዳገደ ገብቶ ከወደቀበት ቤት ባለቤቱ ሌባ ይባላል። አፈርሳታ ከዚህ ይሻል ነበር፤ አድካሚ ቢሆንም ሰው ተጠይቆ የሚመልስበት ሸንጎ ነውና። የተከሰሰው ባለቤት ግን ለወደቀው ልጅ ምን መልስ ይሰጠዋል?

ይህን የጨለማ ዘመን ሥራ ነው ብለን እንዳንንቀው የቅርቡን እንመልከት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. አንድ ኤርትራዊ ወጣት በሱዳን ተይዞ፥ ስደተኛ በማሻገር የሚፈለገው ወንጀለኛ ነው ተብሎ ወደ ጣሊያን ተላከ። የሁለቱ ሰዎች መጠሪያ ስም አንድ ነው፤ የአባታቸው ስም ግን ይለያያል። መርማሪዎቹን የመራቸው የተጠለፈ የስልክ ንግግር ነበር፤ ሽቦ አልባው ሌባሻ ብንለው አናጋንንም።

በመጀመሪያው ቀን መሳሳት ያስወቅሳል አንልም። ሰው ነውና ይሳሳታል፤ ፍርሃትና ጥድፊያም ዓይንን ይጋርዳሉ። ኀጢአቱ የሚጀምረው «ይህ ሰው እርሱ አይደለም» የሚል ምስክር ሲመጣ፥ አንድ ጊዜ በአደባባይ ያወጅነውን እንዳናፍርበት ብለን ጆሯችንን የደፈንን እንደ ሆነ ነው። ያን ጊዜ የምንጠብቀው ሕግን ሳይሆን የራሳችንን ስም ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ሌላ ነው። በፓሌርሞም ተፈላጊውን በዓይን የሚያውቁ ስደተኞች እርሱ አይደለም እያሉ ሲናገሩ ክርክሩ ዓመታት ወሰደ። ወጣቱ በ2019 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ተፈላጊው እንዳልሆነ በፍርድ ተረጋግጦለት ሲወጣ፥ ሦስት ዓመት በእስር አሳልፎ ነበር። የሞክሼው ወንበር በዚያ ችሎት እስከ መጨረሻው ባዶ ነበረ።