በገዛ ገንዘብ ላይ ስላለ ሥልጣን

ሰው በገንዘቡ የገዛውን ዕቃ እንደ ወደደ ያደርገው ዘንድ ሥልጣን አለውን? ወይስ ሠሪው ያኖረበት ልክ ገዢውንም ያስረዋል? ጥያቄው የቈየ ነው፤ ነገር ግን ባለ ቱርቦ መኪና ገዝተው በገዛ እጃቸው ጕልበቱን የሚጨምሩ ሰዎች በዘመናችን አድሰውታልና፥ በእነርሱ ሥራ ላይ ብንመረምረው ነገሩ ይገለጥልናል።

ቱርቦ የስዊስ አገር መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1905 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ያገኘበት አሳብ ነው። ከሞተር የሚወጣው ትኩስ ጢስ በከንቱ እንዳይበተን ትንሽ መንኰራኵር ያዞራል፤ ያችም በአንድ ዘንግ የተያያዘችውን ሌላይቱን ታዞራለች፤ ሁለተኛይቱም አየሩን አጥብቃ ወደ ሞተሩ ትገፋለች። አየር ሲበዛ ቤንዚን ይጨመራል፤ ሁለቱ ሲበዙ ጕልበት ይበዛል።

ለነገራችን ምሳሌ የሚሆነን ኒሳን የተባለው የጃፓን ኩባንያ በዚያው አቈጣጠር በ1989 ያወጣው ስካይላይን ጂቲ-አር ነው። ሞተሩ 2.6 ሊትር፥ ሲሊንደሩ 6፥ ቱርቦው 2 ነው፤ ጕልበቱም 280 ፈረስ ነው ተብሎ ተጻፈ። ይህ ቍጥር ግን የሞተሩ የዐቅም ወሰን አልነበረም፤ ለእሽቅድምድም የተሰናዳው ሞተር ከ500 ፈረስ በላይ ይሰጥ ነበርና። ለገበያ በቀረበው መኪና ላይ ግን የአየሩን ግፊት በሚቈጣጠረው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ቀዳዳዋ የጠበበ አንዲት ማጥበቢያ አኖሩ። ባለ መኪናው ቱቦውን ነቅሎ፥ ማጥበቢያይቱን አውጥቶ፥ ቱቦውን መልሶ ቢገጥም፥ ግፊቱ ከ0.7 ባር ገደማ ወደ 1 ባር ገደማ ያድግለታል።

እንግዲህ ይህችን ማጥበቢያ ማውጣት የተገባ መሆኑንና አለመሆኑን ለማወቅ፥ አስቀድሞ ማንን እንደምትጠብቅ ማወቅ ይገባል።

አንድም ሞተሩን ትጠብቃለች። የዚያ ቱርቦ የጢስ መንኰራኵር ከብረት ሳይሆን ከሸክላ ወገን የተሠራች ናት። ቀላል በመሆንዋ ፈጥና ትዞራለች፤ ግፊትና ሙቀት ሲበዛባት ግን ትሰበራለች። ደግሞም ቤንዚኑ ከአየሩ ጋራ ካልተመጣጠነ እሳቱ ያለ ጊዜው ይነሣና ፒስተኑን እንደ መዶሻ ይቀጠቅጠዋል። የዚህ ጥፋት ኪሣራ በባለቤቱ ብቻ ነው። ስለዚህ እርሱን ኃጢአተኛ ብለን አንነቅፈውም፤ ይልቁንም የሚነዳውን ሞተር ፈትቶ፥ መርምሮ፥ መልሶ የሚገጥም ሰው፥ ምን እንደ ተሸከመው ሳያውቅ ከሚነዳው ይመሰገናል።

አንድም የሠሪዎችን ቃል ትጠብቃለች። የጃፓን መኪና ሠሪዎች ለአገራቸው ገበያ ከ280 ፈረስ በላይ ላያሳውቁ በመካከላቸው ተስማምተው፥ ስምምነቱ እስከ 2004 ድረስ ቈየ። ገዢው በዚህ ቃል አልገባምና «እኔን አያስረኝም» ቢል እውነቱን ነው። ነገር ግን የቃሉን ምክንያት ይጠይቅ። በዚያ ወራት በጃፓን በመንገድ አደጋ የሚሞተው ሰው በዓመት ከ10,000 አልፎ ነበር። ቃሉ የሠሪዎች ቢሆንም ምክንያቱ የሰው ነፍስ ነው።

እንግዲህ ሦስተኛው ፍቺ ይህ ነው፤ በመንገድ ዳር የሚሄደውን እግረኛ ትጠብቃለች። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን፥ ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪናው የሚሄደው ርቀት ወደ አራት እጥፍ ይደርሳል። ጕልበት ጨምሮ ፍሬንና ጎማን እንደ ነበሩ የተወ ሰው ሥራውን በእኩሌታ አቁሞታል፤ የቀረችውንም እኩሌታ የሚከፍላት ሌላ ነው።

«ባልተነካ መኪናም ቢሆን ችኵል ሰው ይገድላል፤ ጥፋቱ የእግር ነው እንጂ የማጥበቢያይቱ አይደለም» የሚል ቢኖር፥ ነገሩ ኀይል አለው፤ መልስም ይሻል። እግር በቅጽበት ይስታል፤ እጅ ግን ማጥበቢያይቱን ያወጣችው በዕረፍት ሰዓት፥ አስባና መክራ ነው። ደግሞም መኪናው በአንድ ሰው እግር ሥር አይቀርም። ነገ ልጁ ይነዳዋል፤ ከነገ ወዲያ ወዳጁ ይዋሰዋል፤ ከዚያም ይሸጣል። የጐደለችው ማጥበቢያ ከውጭ አትታይምና፥ ገዢው የማያውቀውን ጕልበት ይቀበላል። የተለወጠውን ሳይናገር የሚሸጥ ሰው ዋጋ ብቻ ሳይሆን አደጋም አሳልፎ ሰጥቷል።

ስለዚህ ለጥያቄው መልሱ እንዲህ ይመስለናል። የገዛ ንብረትን መለወጥ ሥልጣን አለ፤ ሥልጣኑ ግን ጕዳቱ በራስ ላይ እስከሚያበቃበት ድረስ ነው። ጕልበት ሊጨምር የሚወድ አስቀድሞ የሚያቆመውን ያጠንክር፤ አስቀድሞ የመንኰራኵሩን ዐይነት ይወቅ፤ ፍጥነቱንም ሊፈትን ቢሻ አደጋውን ዐውቀውና ፈቅደው የሚገቡ ሰዎች ብቻ ወደሚገኙበት ዝግ የእሽቅድምድም ሜዳ ይሂድ። መኪናውን ለሌላ በሚሰጥበት ቀንም ያወጣትን ትንሽ ማጥበቢያ ወደ ስፍራዋ ይመልስ፤ ባይመልስ እንኳ ቍልፉን ከማስረከቡ በፊት ያደረገውን ሁሉ ይንገረው።