ከመዝገቡ በፊት ቤቷን እዪ

ልጄ፣ ማኅበራዊ ሠራተኛ ሆነሽ ሊቦ ከምከም መመደብሽን እናትሽ ነገረችኝ። እሰየው። ከባሕር ዳር ከመነሳትሽ በፊት ግን የምልሽ አለኝ።

የምትሠሪበት የሴፍቲኔት ፕሮግራም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ጉልበት ያለው እርከንና መንገድ ሠርቶ ይከፈለዋል፤ ጧሪ የሌለው አረጋዊና አካል ጉዳተኛው ሳይሠራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ነፍሰ ጡሯም ዶማዋን ብታስቀምጥ ክፍያዋ ይቀጥላል፤ በምትኩ የእርግዝና ክትትል እንድታደርግ፣ ሕፃኑንም እንድታስከትብና እንድታስመዝን ይጠበቅባታል። አንቺ በምትሄጂበት ወረዳና በደዋ ጨፋ ደግሞ ገንዘቡን ከጤና መድኅንና ከቤት ለቤት ክትትል ጋር ያጣመረ የዩኒሴፍ ሙከራ ተካሂዷል።

ግዴታውን አልጠላውም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም፤ እናት ጤና ኬላ እንድትረግጥ የሚያደርግ ነገር ደግ ነው። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ1997፣ ብራዚልም በ2003 ለድሃ ቤተሰብ ገንዘብ የሰጡት ልጆቹ ትምህርት ቤት እንዲውሉና ጤናቸው እንዲታይ አደራ ብለው ነው። አደራው የሚፈጸመው ግን አገልግሎቱ እናቲቱ ከምትደርስበት ሲገኝ ነው።

የርብ ወንዝ በነሐሴ ሲሞላ አላየሽም። ከጣና ዳር ያለው ሜዳ ውኃ ይተኛበታል፤ የእናቲቱ ቤትና ጤና ኬላው አንድ ቀበሌ ሆነው ሳሉ ማዶ ለማዶ ይቀራሉ። ወቅቱ ደግሞ የሩዝ አረም ነው። ልጇን አዝላ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ቆማ ስታርም ትውላለች፤ ያን ቀን ከዋለች ማታ የምታበስለው አለ፣ ከቀረች የለም። በክትባት ቀን አልመጣችም ብሎ ችላ ባይ የሚላት ሰው፣ የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም የተባለለት እሱ ነው።

ደንቡ ራሱ ቀርታለችና ክፍያዋን ቁረጪ አይልሽም፤ ምከሪያት ነው የሚለው። አንዳንዱ ግን መዝገብ ሲይዝ ምክሩን ማስፈራሪያ ያደርገዋል። አንዴ የፈራችሽ እናት ልጇ ሲያተኩሰው እንኳ አትነግርሽም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ አንቺ አትቸኩዪ።

የጤና መድኅን ካርዷንም ጠይቂ። ጎረቤትሽ ፎገራ መድኅኑ በአገሪቱ መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ወረዳዎች አንዱ ነው፤ የድሃ ድሃ የተባለው መዋጮውን መንግሥት ይሸፍንለታል። ካርዱ የሚገባት ሆና ሳለ ማንም ያልነገራት ብዙ ናት።

እንግዲህ ከስሟ ጎን «አልቀረበችም» የሚል ስታገኚ ምክንያቱንም ጻፊ። ውኃ ከሆነ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ይዘሽ ተሻገሪ። አረም ከሆነ የክትባቱ ቀን እንዲቀየር ወረዳውን ወትውቺ። ባሏ ከልክሏት ከሆነ ለቀበሌው ሽማግሌዎች ንገሪ፤ እሱን ማነጋገር የእነሱ ሥራ ነው።