ለግብዣው ምን ልልበስ?



«ለግብዣው ምን ልልበስ?» የሚለው ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። «ይህስ ደግሞ ወረቀት የሚባክንበት ጉዳይ ነውን?» የሚሉም አይጠፉም። ይሁን እንጂ ከመካከላችን በዚህ ጥያቄ የተነሣ እንቅልፍ ያጣ፣ ከወላጆቹ ጋር የተኳረፈ፣ ወይም ጭራሹን ከግብዣ የቀረ ወጣት ጥቂት አይደለም። እኔም በዚህ ጉዳይ የበደልኳት ጓደኛ ስላለችኝ፣ የምጽፈው እንደ መካሪ ሳይሆን ከስሕተቷ እንደ ተማረች እኅት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2011 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ የመሰናበቻ ግብዣ እንዲያዘጋጁ ከተመረጡት አምስት ተማሪዎች አንዷ ነበርኩ። በጥሪው ወረቀት ላይ «አለባበስ፦ ሴሚ ፎርማል» ብለን ጻፍን። ቃሉን ከፊልም ላይ አገኘነው እንጂ ትርጉሙን አጥርቶ የሚያውቅ በመካከላችን አልነበረም። አንዱ «ሙሉ ልብስ ከነክራቫቱ ነው» ሲል፣ ሌላው «ጂንስ ሱሪ በኮት ነው» አለ። ክርክሩ ስለ በዛ ኮሚቴው አንድ ውሳኔ ወሰነ፤ ይኸውም ሴቶች በሙሉ በአንድ ልብስ ሰፊ የተሰፋ፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ረጅም ቀሚስ፣ ወንዶች ደግሞ ጥቁር ሙሉ ልብስ እንዲለብሱ ነበር። «ሁላችንም አንድ ዓይነት ከለበስን እኩል እንሆናለን» ተባለ። መጀመሪያ እጄን ያወጣሁት እኔ ነበርኩ። ዋጋው ለማን ይከብዳል ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። የእኔን ቀሚስ እናቴ ከዕቁብ ገንዘቧ ከፈለችልኝ።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ወንበር አብራኝ የተቀመጠችው ጓደኛዬ በዚያ ምሽት አልመጣችም። «ራሴን አሞኛል» ብላ ነበርና አመንኳት። እውነቱን ለመናገር፣ በጭፈራው መካከል አላስታወስኳትም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፎቶግራፎቹን ይዤ ቤቷ ሄድኩ። እናቷ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ የሚተዳደሩ ናቸው። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠራርገው አንዱን ፎቶግራፍ ተቀበሉኝና፣ ገና ሲያዩት፣ «እንዴት ያምራል! የማን ሠርግ ነው ልጄ?» አሉኝ።

ጓደኛዬን አየኋት፤ እርሷም አየችኝ። ግብዣ መኖሩን ለእናቷ አልነገረቻቸውም ነበር። ብትነግራቸው ተበድረውም ቢሆን እንደሚያሰፉላት ታውቃለችና። እኔም «የዘመድ ሠርግ ነው፣ እማማ» ብዬ ዋሸሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ልብስ በተነሣ ቁጥር የእኒያ እናት ጥያቄ ትዝ ይለኛል።

እንግዲህ ስሕተታችን የቱ ላይ ነበር? ክፉ አሳብ አልነበረንም። ዩኒፎርም የሀብታሙንና የድሃውን ልጅ ልዩነት ለዓመታት ሸፍኖልን ስለ ኖረ፣ አንድ ዓይነት ቀሚስም እንደዚያው የሚያደርግ መስሎን ነበር። ነገር ግን ዩኒፎርም ዓመቱን ሙሉ ይለበሳል፤ ወላጅም አስቀድሞ አስቦበት ይገዛዋል። የእኛ ቀሚስ ግን ለአንድ ማታ የታዘዘ ነበር። ለአንዷ የኪስ ገንዘብ፣ ለሌላዋ የእናት ዕቁብ፣ ለሦስተኛዋ ደግሞ ፈጽሞ የማይቻል ሆነ። ስለዚህ እኩልነት በቀለም መመሳሰል ሳይሆን ሸክሙ ለሁሉም እንደ አቅሙ መሆኑ ነው እላለሁ።

ስለ ወጣቶች አለባበስ በተነሣ ጊዜ ታላላቆቻችን አብዛኛውን ጊዜ የሚናገሩት ስለ ቀሚስ ማጠር ነው። ጨዋነት መልካም ነው፤ እኔም አልቃወመውም። ሆኖም ያ ቀሚሳችን እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ስለ ነበር ማንም ሽማግሌ ሊነቅፈው አይችልም ነበር። ይሁን እንጂ ጓደኛዬን ከበር መለሳት። ከዚህ የምንረዳው ጨዋነት በሜትር ብቻ የሚለካ አለመሆኑን ነው። ሌላውን የሚያሳፍር ልብስ፣ ረጅም ቢሆንም፣ ጨዋ ልብስ ነው ለማለት ይቸግራል።

በሌላ በኩል ደግሞ በሰው ልብስ ላይ በቁጣ መፍረድ መፍትሔ እንዳልሆነ ከታሪክ እንማራለን። በመጋቢት ወር 1960 ዓ.ም. በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ስድስት ኪሎ ግቢ፣ በራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጅቶ ነበር። ብዙ ተማሪዎች ትርኢቱን የባዕድ ባህል ማስፋፊያና የቅንጦት ማሳያ አድርገው ስላዩት ተቃውሞ አነሡ፤ ወደ አዳራሹ የሚገቡትን አዋከቡ፤ ፖሊስ ጣልቃ ገባ፤ ተማሪዎች ታሰሩ፤ ዩኒቨርሲቲውም ለጊዜው ተዘጋ። በድሃ አገር የውድ ልብስ ትርኢት ለምን አስፈለገ የሚለው ጥያቄ ክብደት ያለው ነበር። ነገር ግን በበር የሚያልፈውን ሰው በአለባበሱ ማዋከብ ለአንድ የታረዘ ሰው እንኳ ልብስ አልሆነም። እኛም ከግብዣ በኋላ «እርሷ እንዲህ ለበሰች፣ እርሱ እንዲያ ለበሰ» እያልን በማማት የምናስተካክለው ነገር የለም።

ታዲያ ይህ «ሴሚ ፎርማል» የሚባለው ነገር ምንድን ነው? ልማዱ ከውጭ አገር የመጣ ሲሆን፣ ከዘወትር ልብስ ከፍ፣ ከሠርግ ልብስ ዝቅ ያለ አለባበስ ማለት ነው። ለወንድ ልጅ በሚገባ የተተኮሰ ሸሚዝ፣ ጠቆር ያለ ሱሪና የተወለወለ ጫማ ይበቃዋል። ኮት ቢኖረው መልካም ነው፤ ክራቫት ግን ግዴታ አይደለም። ለሴት ልጅ ያላት ደህና ቀሚስ፣ ወይም ጉርድ ከሸሚዝ ጋር፣ ወይም ጥለቱ ቀጠን ያለ የሀበሻ ቀሚስ ይሆናታል። ከሳልባጅ የተገዛ ኮት ታጥቦና ተተኩሶ ሲለበስ ከየት እንደ መጣ ማንም አይጠይቀውም። ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ የማታዘወትር ልጅም በዚያች ማታ ልጀምረው ብትል እግሯን ይዛ ከመቀመጥ በቀር ጥቅም አታገኝበትም። ግብዣው በሰኔ ከሆነ ደግሞ ዝናብና ብርድ ስላለ ሹራብ ወይም ነጠላ መያዝ አይከፋም።

ልብስን እንደ ቦታው መልበስ ደግሞ ከፈረንጅ ብቻ የምንማረው ነገር አይደለም። እናቶቻችንን እንመልከት። ለቅሶ ሲሄዱ የነጠላቸውን ጥለት ወደ ላይ አድርገው ይለብሱታል፤ ለደስታ ሲሆን ያንኑ ነጠላ ጥለቱን ወደ ታች ይለቁታል። ነጠላው አንድ ነው፤ የተለወጠው አለባበሱ ነው። ቦታውን የሚያከብረው አዲስ መግዛት ሳይሆን፣ ያለውን በንጽሕናና እንደ ወጉ መልበስ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

ምናልባት አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ያለው ሰው ይደበቅ ወይ? ወጣትነት አንድ ጊዜ ነው፤ አምሮ መታየትስ ምን ኃጢአት አለበት?» ትሉ ይሆናል። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። አምሮ መታየት ኃጢአት አይደለም፤ ተጎሳቁሎ መሄድም ጋባዡን አለማክበር ነው። ያለው ያለውን ይልበስ። እኔ የምቃወመው አንዱ ያለውን መልበሱን ሳይሆን፣ የአንዱ ምርጫ ለሌላው የመግቢያ ክፍያ መሆኑን ነው። በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 2 የወርቅ ቀለበት አድርጎ ያማረ ልብስ ለብሶ የገባውና ያደፈ ልብስ የለበሰው ድሃ ተነሥተዋል። እዚያ የተወቀሰው የለበሰው ሰው ሳይሆን፣ በልብሱ አይቶ መቀመጫ ያከፋፈለው ጉባኤ ነው። የእኛ ኮሚቴ ያንኑ ፈጽሟል።

ስለ መዋስም አንድ ነገር ልበል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ሲባል ሰምተን ከጓደኛ መዋስን እንደ ውርደት የምንቆጥር አለን። እኔ ግን ተረቱን አሁን የምረዳው በሌላ መንገድ ነው። እኅት ከእኅቷ ኮት ብትዋስ ፍቅር ነው እንጂ ነውር አይደለም። ነውሩ አቅማችን ያልሆነውን አቅማችን አስመስሎ ማሳየት ነው። የእናቴ ዕቁብ ለእኔ የሰው ወርቅ ነበር። በዚያ ገንዘብ ልትሠራው ያሰበችውን ነገር እስከ ዛሬ አልነገረችኝም፤ እኔም ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

ስለዚህ ወጣቶች፣ ለግብዣ ከመልበሳችን በፊት ሦስት ጥያቄዎች ራሳችንን ብንጠይቅ ይበጃል። አንደኛ፦ ይህ ልብስ ለቦታውና ለጋባዡ ክብር ይስማማልን? ሁለተኛ፦ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው፤ እኔ ነኝ ወይስ ከጉሮሮው ቀንሶ የሚሰጠኝ ሰው? ሦስተኛ፦ አብሮኝ የሚቆመው ጓደኛዬ በአጠገቤ ሳይሸማቀቅ ፎቶግራፍ ሊነሣ ይችላልን?

ግብዣ የምታዘጋጁ ደግሞ በጥሪው ወረቀት ላይ የማይታወቅ ቃል ከመጻፍ ይልቅ «ያላችሁን ንጹሕ ልብስ ለብሳችሁ ኑ» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። የግድ መመሳሰል ካስፈለገም ነጭ ሸሚዝና ጠቆር ያለ ሱሪ ወይም ጉርድ፣ ከአብዛኛው ቤት የማይጠፋ ነውና፣ እርሱ ይሁን። እርሱም የሚቸግረው ቢኖር፣ ስም ሳይጠራና በስብሰባ ላይ ሳይነሣ፣ አንድ ሰው በቀስታ ያሟላለት። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ የሚቀር ቢኖር ደግሞ «አሞት ይሆናል» ብላችሁ አትለፉት፤ ቤቱ ሂዱ። ከግብዣው በኋላ ሳይሆን በፊት ሂዱ።

ጓደኛዬ ይቅር ብላኛለች። ዛሬም እንጠያየቃለን። ለእናቷ ግን ያ ሠርግ የማን እንደ ነበረ እስከ ዛሬ አልነገርናቸውም። ቀሚሱም ቁም ሣጥኔ ውስጥ ተሰቅሎ አለ፤ ከዚያች ማታ በኋላ ለብሼው አላውቅም።