የቆጣሪው ማታ

አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ፣ ከጅቡቲ የሚመጡ ተሳቢዎች ተራ በሚጠብቁበት ሰፈር፣ በአንድ የእህል መጋዘን በር ላይ የሚቆም ወጣት ቆጣሪ ነበር። አንድ ኩንታል በተሸካሚ ትከሻ ባለፈ ቁጥር አንድ ጭረት ይጭራል፤ አራቱን ቋሚ በአምስተኛው አግድም ያስርና እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ማታ ወረቀቱን አስረክቦ ይፈርማል። ከሱ በፊት የነበረው ሰውዬ ቆጣሪ ሆኖ ገብቶ ቆጣሪ ሆኖ ጡረታ ወጥቷል። እድገት የሚባል ነገር በዚያ በር አልፎ አያውቅም።

ልጁ ግን ድምፅ ነበረው። ሲቆጥር ያንጎራጉራል፤ ተሸካሚዎቹም ሳይታወቃቸው እርምጃቸውን በዜማው ያስተካክላሉ። ማታ ማታ የጆንያውን ብናኝ በሻይ ከጉሮሮው እያወረደ ለጓደኞቹ የሚደጋግመው አንድ ታሪክ አለው፤ የዝነኛውን ድምፃዊ የማህሙድ አህመድን። የመርካቶው ልጅ ማህሙድ ሊስትሮ ነበር። በኋላ አሪዞና ክለብ ተቀጥሮ ይላላክ ጀመር። በ1950ዎቹ አጋማሽ አንድ ማታ፣ እዚያ ይጫወት የነበረው የክብር ዘበኛ ባንድ ዘፋኞች ሳይመጡ ቀሩ። ማህሙድ ልዝፈን ብሎ ጠየቀ፣ ተፈቀደለት፣ ዘፈነ። ከዚያ በኋላ እስከ አብዮቱ ድረስ የባንዱ ድምፃዊ ሆኖ ኖረ።

«አንድ ማታ ብቻ!» ይላል ቆጣሪው። «የኔም ማታ ትመጣለች።»

ማታዋን ለማፋጠን እቁብ ገባ። እጣው ሲወጣለት ብድር ጨምሮበት ለአቀናባሪና ለክሊፕ ሠሪ ከፈለ። ነጠላ ዜማው ዩቲዩብ ላይ ተለቀቀ። ክሊፑ ላይ የሚታዩት መኪናውም ጃኬቱም የኪራይ ነበሩ። ክሊፑን ያዩለት የሰፈሩ ልጆችና ተሸካሚዎቹ ብቻ ሆኑ። ከዚያ ወዲያ ሲቆጥር ማንጎራጎሩን ተወ። እስክሪብቶውን ሲጫነው ወረቀቱ ይቀደድ ነበር።

የገንዘቡ ነገር ብዙም አያሳዝነኝም፤ ገንዘብ ተሠርቶ ይመለሳል። የሚያንገበግበኝ ዝምታው ነው። መድረክ እስካላገኘሁ አልዘፍንም እያለ በዚህች ከተማ ስንት ድምፅ ከነባለቤቱ ተቀበረ!

ታዲያ ማታዋ እውነትም መጣች። የአንድ ተሸካሚ እህት ስትዳር፣ ለሰርጉ የተከፈለው ዘፋኝ ሳሪስ ላይ መንገድ ተዘጋግቶበት ቀረ። ድንኳኑ ሞልቷል፣ ኪቦርድ ተጫዋቹ ብቻውን ተቀምጧል። ተሸካሚዎቹ ቆጣሪውን እየገፉ አወጡት።

«በምን ልያዝልህ?» አለ ኪቦርድ ተጫዋቹ።

«እንደፈለግህ።»

የራሱን ነጠላ ዜማ ዘፈነ። ሰዉ በትህትና አጨበጨበ። ቀጥሎ ከወደ ሽማግሌዎቹ ትዝታ ይዘፈንልን ተባለ፤ ጀመረ፣ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ጠፋው። ከገላንና ከዱከም የመጡት የሙሽራው ወገኖች የኦሮምኛ ጠየቁ፤ አንድም አያውቅም። ለሙሽራዋ ዝፈንላት ሲባል አዝማቹን ብቻ ደጋገመ። ዘፋኙ ላብ በላብ ሆኖ ሲደርስ ማይኩን የሰጠው ተገላግሎ ነው።

ሰኞ ማታ የመጋዘኑ ጥበቃ አዛውንት ዘንድ ሄዶ ተቀመጠ። እኚህ ሰው በደርግ ዘመን በፋብሪካ የኪነት ቡድን ክራር ይጫወቱ ነበር።

«ጋሼ፣ ማታዬ መጥታ ሄደች» አላቸው።

«ሰምቻለሁ። የማህሙድንም ነገር ስታወራ ሁልጊዜ እሰማሃለሁ። ግን የምታወራው የዘፈነባትን ማታ ነው። ክለቡ ውስጥ እየተላላከ የሰማባቸውን ማታዎች ለምን ትዘላቸዋለህ? ዘፈኖቹን በጆሮው ባይለቅም ኖሮ ያን ቀን ምን ይዞ ይወጣ ነበር?»

«እሱ እኮ ባንድ አጠገብ ነው የሚሠራው፤ እኔ የምሰማው የኩንታል ድምፅ ነው።»

አዛውንቱ ይህን አላለፉትም። «አጠገብህ ማን እንዳለ መች አየህ? ደግሞ ሥራውን አትርገመው። ማህሙድ ስሙ ከገነነ በኋላም ፒያሳ የሙዚቃ መደብር ነበረው፤ መደብሩንም ይዞ ዘፈኑን አልተወም። ለመቁጠር ዓይንህና እጅህ ይበቃሉ፤ አፍህን ማን ያዘው? ባቲን ከአምባሰል ትለያለህ?»

«አልለይም።»

«አንቺ ሆዬንስ?»

ዝም አለ።

«እንግዲያው ለአንድ መኪና አንድ ቅኝት። በቁጥር ብትሳሳት ከደሞዝህ ይቆረጣል፤ በዜማ ብትሳሳት ግን እዚህ የሚቆርጥብህ የለም።»

በማግስቱ የመጀመሪያው ተሳቢ ሲራገፍ ልጁ በትዝታ ጀመረ። ከወሎ የመጣው ተሸካሚ ኩንታሉን ወርውሮ ሲመለስ የተሳተውን እያረመለት አለፈ። ከሰዓት በኋላ አንድ የወለጋ ልጅ እንጀራውን እየጎረሰ የኦሮምኛ የሰርግ ዘፈን ቃል በቃል ያስይዘው ጀመር፤ ልጁም ግጥሙን በዚያው በጭረት ወረቀቱ ጀርባ ጻፈው። እነዚህ ሰዎች በዚያ በር ዓመታት ሲመላለሱ፣ ማን ምን ዘፈን እንደሚያውቅ ጠይቋቸው አያውቅም ነበር።

የመጋዘን ኃላፊው ብቅ ብሎ «ስንት ደረሰ?» አለ።

«ሁለት መቶ አርባ።»

ኃላፊው ቆጠራው ልክ መሆኑን አይቶ ተመለሰ። የወሎው ተሸካሚ ግን ኩንታል እንደተሸከመ በሩ ላይ ቆመ።

«ሁለተኛዋን ስንኝ አሁንም ዘለልካት፤ ከላይ ጀምረህ በላት።»