መናውና መርፌው

በደንዲ ወረዳ፣ በጊንጪ ከተማ፣ አንዲት የማውቃቸው የስኳር ሕመምተኛ እናት ከጓዳቸው በር ኋላ እርጥብ አሸዋ የሞላባት ትንሽ ገንቦ አለቻቸው፤ ቤቱ ማቀዝቀዣ የለውምና የኢንሱሊኑን ብልቃጥ በላስቲክ ጠቅልለው የሚያሳድሩት በዚያች አሸዋ ውስጥ ነው። ረቡዕና ዓርብ ግን አይነኩትም። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳልቀምስ ብወጋ ይጥለኛል» ይላሉ፤ ነገሩ እውነት ነው፤ ከዚህ እውነት የደረሱበት ፍርድ ግን ጾሙን ጠብቆ መርፌውን መተው ሆነ።

ሐኪሙ ይህን አለማወቅ ይለዋል፤ ጎረቤቱ ጽኑ ሃይማኖት ይለዋል፤ ለእኔ ግን ሁለቱም ፍርድ የቸኮለ ይመስለኛል። ሰው በደዌ ሲያዝ የሚሻው ፈውስን ነውና፣ ወደ አምቦ ፍልውሃ የሚወርደውም፣ ጠበል የሚጠመቀውም፣ አንድ ቀን «ድኛለሁ» ብሎ ወደ ቤቱ ሊመለስ ነው። የስኳር መድኃኒት ይህን ተስፋ አይሰጥም። በ1914 ዓ.ም. ጥር ወር በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ፣ የ14 ዓመቱ ብላቴና ሊዮናርድ ቶምሰን ኢንሱሊን ተወግቶ ከሞት አፋፍ ቢመለስም፣ ከደዌው አልተፈታም፤ የቀረውን 13 ዓመት የኖረው በመርፌ ነው። እስራኤል በምድረ በዳ የለቀሙት መናም እንዲሁ የየዕለት ነበር፤ ከሰንበት ዋዜማ በቀር ለነገ ብሎ ያሳደረ ሰው ትል ያገኝበት ነበር። እንግዲህ ሕመም ሳይሰማው፣ ተአምር ሳያይ፣ በየማለዳው ክኒኑን የሚውጥ ሰው እምነቱ ከጸሎተኛው ያንሳል ለማለት አልደፍርም፤ ብዙ ሰው የሚያቋርጠው «ደህና ነኝ» ባለ ማግሥት ነውና። (የመድኃኒት መግዣ ያጣውን አልረሳሁትም፤ ባዶ ኪሱን ትቶ በሃይማኖቱ መጠየቅ ግን ግፍ ነው።)

ቤተ ክርስቲያን በዚህ ነገር ዝም አላለችም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 መድኃኒትን ከምድር ያስገኘው እግዚአብሔር መሆኑን ይመሰክራል፤ ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበር፤ ፍትሐ ነገሥትም የጾምን ቀንበር ከድውይ ላይ ያነሣል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ፣ እንጦጦ ጠበል የሚጠመቁ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን አብረው እንዲወስዱ ሲመክሩ፣ ከዚህ የአባቶች ትምህርት አልወጡም። ይህ ቃል ግን ከመጽሐፉ እስከ ገንቦዋ ድረስ ገና አልደረሰም፤ የሚያደርሰውም ሐኪም ሳይሆን የነፍስ አባት ነው። ስለዚህ አባቶቼ ሆይ፣ የንስሐ ልጃችሁን ስለ ጾሟ ከመጠየቃችሁ አስቀድማችሁ «ልጄ፣ ዛሬ መድኃኒትሽን ወሰድሽ?» በሏት።